ሰማያዊው ሰም ነው

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን የትንሿን ሆስታ ፎቶ አይቶ አንድ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ቅጠሏን ቀለም ቀብተዋት ነው እንዴ?» አለኝ። ብዙዎቻችሁም ሳቃችሁበት።

አትሳቁበት፤ ልጁ እውነት አለው። ቅጠሏ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የለም። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ የሚያስመስለው ላዩን የሸፈነው ስስ ሰም ነው። በአውራ ጣት ሸት ሲያደርጉት አረንጓዴው ብቅ ይላል። (ሰምና ወርቅ ያስተማርኳችሁ ይኸው! እዚህ ግን የምንፈልገው ሰሙን ነው።)

አገሯ ምሥራቅ እስያ ነው። ጃፓኖች ለጋ ቡቃያዋን እንደ አትክልት ይበሉታል። በ1823 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሲቦልት የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ናጋሳኪ ወደብ ላይ፣ ሆላንዶች እንዲነግዱ ወደተፈቀደላቸው ዴጂማ ደሴት መጣ። በሽተኛ ያክማል፣ ተክል ይሰበስባል። በ1828 የጃፓን ካርታ ተገኘበት። ያኔ ካርታ ለውጭ ሰው መስጠት ከባድ ወንጀል ነበር። እሱ በ1829 ከአገር ተባረረ፤ ካርታውን የሰጠው የሥነ ፈለክ ሊቅ ታካሃሺ ካጌያሱ ግን እስር ቤት ሞተ። ሲቦልት አውሮፓ ገብቶ የጃፓን ተክል አስፋፋ፤ ትልቋ ሰማያዊ ሆስታም «ሲቦልዲያና» ተባለች። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ቅር ይለኛል።

ሲቦልዲያና ግን ግዙፍ ናት፤ ስትደርስ ጎኗ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ለጠባብ ጓሮ አትሆንም። መላ ያመጣው ኤሪክ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ አትክልተኛ ነው። «ታርዲፍሎራ» የምትባል ሌላ ሆስታ አለች፤ ትንሽ፣ ቅጠሏ ወፍራምና ጠንካራ። ሁለቱን ማዳቀል ግን የማይሆን ነገር ነበር፤ ሲቦልዲያና በበጋቸው መጀመሪያ ታብባለች፣ ታርዲፍሎራ ደግሞ ቅጠል ሊረግፍ ሲል። አንዷ ስትመጣ ሌላዋ ሄዳለች።

በ1961 አንዲት ሲቦልዲያና ያለ ወቅቷ ዘግይታ አበበች። ስሚዝ አጋጣሚውን አላሳለፈውም፤ ብናኙን ወስዶ ታርዲፍሎራ አበባ ላይ አደረገ። ከዚያ ዘር የበቀሉትን እንደ ተማሪ መለያ ቁጥር እየሰጠ አሳደጋቸው፣ እርስ በርስም አዳቀላቸው። ዛሬ «ሃልስዮን» የምትባለው ከመጀመሪያው ትውልድ ናት፤ ፎቶው ላይ ያያችኋት፣ በጣም ትንሿ «ብሉ ሙን» ከሁለተኛው። ቁመቷና የቅጠሏ ውፍረት የእናት፣ ሰሙ የአባት ነው። ያቺ አበባ ባትዘገይ ኖሮ እነዚህ አይኖሩም ነበር።

አተካከሏን ለጠየቃችሁኝ፦ የጠዋት ፀሐይ ይበቃታል፣ የከሰዓቱ ሰሙን ያጠፋዋል። ውኃ ከሥሯ እንጂ ከላይ አታፍስሱባት። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በጎማ ከላይ እያጠጣሁ ራሴ አረንጓዴ አደረግኳት። የሳሙና ውኃም ለተባይ ብላችሁ እንዳትረጩ። አንዴ የተነሣ ሰም እዚያው ቅጠል ላይ እንደ በፊቱ አይመለስም፤ የሚመጣው ዓመት ቅጠል መጠበቅ ነው።

እዚህ ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ሰማያዊውን ማየት ከፈለጋችሁ በግንቦት ኑ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከመጣችሁ አረንጓዴ ናት።