የሐሊማ አደራ፣ የዘይድ ስም



ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ ከተማ ውስጥ በአሳዳጊው ስም ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ያላየ ያለን አይመስለኝም። «ለወረቀቱ ይቀላል» ይባላል። ልጁን ማሳደጉ ትልቅ ኸይር ነው። የአባቱን ስም ማጥፋቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሲራ ላይ በግልጽ የተቀመጠ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በሰው እጅ ያደጉ ናቸው። የመካ ሰዎች ሕፃናቶቻቸውን ለገጠር አጥቢዎች ይሰጡ ስለነበር የበኑ ሰዕዷ ሐሊማ ወሰደቻቸው። ሁለት ዓመት ሞልቷቸው ጡት ሲጥሉ ለእናታቸው ለአሚና መለሰቻቸው። ልቧ ግን ለመለየት አልቆረጠም፤ በቤቷ በረካ አይታባቸው ነበር። የመካን ወረርሽኝ እፈራለሁ ብላ ለምና እንደገና ወሰደቻቸው፤ በኋላም ራሷ አምጥታ አስረከበች። ልብ በሉ፣ ያቆየቻቸው እናትየውን አስፈቅዳ ነው። አሚና አብዋእ ላይ ስትሞት ደግሞ የ6 ዓመቱን የቲም ይዛ መካ ድረስ ለአያታቸው ለዐብዱልሙጠሊብ ያደረሰችው የኛዋ ሐበሻ በረካ፣ ኡሙ አይመን ናት።

ወደ ዘይድ እንምጣ። ከከልብ ጎሳ ነው። ገና ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱ ወራሪዎች ማረኩትና ዑካዝ ገበያ ላይ ተሸጠ። በኸዲጃ (ረ.ዐ) በኩል እሳቸው ዘንድ ደረሰ። አባቱ ሓሪሣ ልጁን እያሰበ በግጥም ያለቅስ ነበር። ከዓመታት በኋላ ለሐጅ የመጡ የጎሳው ሰዎች ዘይድን አውቀውት ወሬውን አደረሱለት። አባትና አጎት ቤዛ ይዘው መካ ገሰገሱ። ረሱል ዋጋ አልተደራደሩም። ልጁ ይጠየቅ፤ እናንተን ከመረጠ ያለ ቤዛ ውሰዱት አሏቸው። ዘይድ እሳቸውን መረጠ። የአባትየው ልብ ምን እንደሆነ አስቡት! እሳቸውም ከዕባ ዘንድ ወስደው ልጄ ነው ብለው በሰው ፊት አወጁ፤ አባትና አጎቱም ተረጋግተው ተመለሱ። ዘይድ ከዚያ ወዲያ ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ተባለ።

ይህ ከነቢይነት በፊት ነበር። መዲና ላይ የሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ ሲወርድ ያደጉ ልጆች በወለዷቸው አባቶች ስም እንዲጠሩ ታዘዘ፤ አባታቸው ካልታወቀም የዲን ወንድሞች ናቸው። ዘይድ እንደገና የሓሪሣ ልጅ ሆነ። ፍቅሩስ ቀነሰ? በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ የሙእታን ጦር እንዲመራ የሾሙት እሱን ነው፤ እዚያው ሸሂድ ሆነ።

በዚያው ዓመት ከሑነይን ዘመቻ በኋላ ከምርኮኞቹ መካከል አንዲት ሴት «እህትህ ነኝ» አለቻቸው። የሐሊማ ልጅ፣ የጡት እህታቸው ሸይማእ ነበረች። ኩታቸውን አንጥፈው አስቀመጧት። እኔ ዘንድ ተከብረሽ ተቀመጪ፣ ከፈለግሽም ወደ ወገኖችሽ ልሸኝሽ አሏት። ወገኖቿን መረጠች፤ ስጦታ ጨምረው ሸኟት።