ያገለገለ ተሽከርካሪ ግዥ እና የሸማች ቅሬታ፦ መብት፣ ማስረጃ እና የአቤቱታ አቀራረብ

ያገለገለ መኪና መግዛት ለአብዛኛው ቤተሰብ ለዓመታት የተቆጠበ ወይም በብድር የተገኘ ገንዘብ በአንድ ቀን የሚወጣበት ውሳኔ ነው። የነዳጅ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ቀደም ሲል የገቡት ተሽከርካሪዎች ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ በመሆኑ፣ የሚሸጠው መኪና ያለፈበት ታሪክ ከምንጊዜውም ይበልጥ ክብደት አግኝቷል። ከግዥ በኋላ የሞተር፣ የካምቢዮ ወይም የሰነድ ጉድለት ሲገለጥ ገዥው መብት አለው። ሆኖም ቅሬታው ውጤት የሚያገኘው በግዥው ዕለት በተያዘው ሰነድ እና ጉድለቱ በተገለጠ ጊዜ በተወሰደው ፈጣን እርምጃ ልክ ነው። ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች መብታቸውን ዐውቀው ቅሬታቸውን በአግባቡ እንዲያቀርቡ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

1. በቅድሚያ ሊለዩ የሚገባቸው ሁለት ጉዳዮች

የመጀመሪያው ገዥው በሕጉ አነጋገር «ሸማች» መሆን አለመሆኑ ነው። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች የሚባለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ የተፈጥሮ ሰው ሲሆን፣ ለማምረቻ ተግባር ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው በዚህ ትርጉም አይሸፈንም። ስለዚህ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ አውቶሞቢል የገዛ ሰው በአዋጁ ጥበቃ ሲያገኝ፣ አትርፎ ለመሸጥ የገዛ ነጋዴ ግን መብቱን የሚጠይቀው በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሽያጭ ድንጋጌዎች ይሆናል።

ሁለተኛው ሻጩ ማን እንደሆነ ነው። በመኪና መሸጫ ቦታዎች ከሚቆሙት ተሽከርካሪዎች መካከል ከፊሎቹ የነጋዴው ንብረት ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ባለቤቶቻቸው በኮሚሽን እንዲሸጡላቸው ያቆሟቸው ናቸው። በኋለኛው ሁኔታ በውሉ ላይ «ሻጭ» ተብሎ የሚፈርመው ሊብሬው በስሙ የተመዘገበው ግለሰብ ስለሚሆን፣ ቅሬታ ሲነሳ መሸጫ ቦታው «እኛ አገናኝ ብቻ ነን» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ገዥው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት መኪናው የማን እንደሆነ፣ ደረሰኝ የሚሰጠው ማን እንደሆነ እና በውሉ ላይ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ጠይቆ ማረጋገጥ ይኖርበታል። የድርጅቱ የንግድ ፈቃድ በሚታይ ቦታ የተሰቀለ መሆኑን መመልከትና በፈቃዱ ላይ የሰፈረውን ስም መመዝገብም ኋላ ለሚቀርብ አቤቱታ ይረዳል።

2. የነጋዴው የመግለጽ ግዴታ

ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። አዋጁ የዕቃውን አዲስነት፣ ሞዴል፣ የአገልግሎት መቀነስ፣ የተለወጠ ወይም እንደገና የተሠራ መሆኑን፣ በአምራቹ እንዲሰበሰብ የተጠራ መሆኑን ወይም ያገለገለ መሆኑን በትክክል አለመግለጽን ከተከለከሉ አሳሳች ተግባራት መካከል አስቀምጦታል። ይህ በተሽከርካሪ ሽያጭ ላይ ሲተረጎም የሚከተሉትን ያጠቃልላል፦

• የምርት ዘመኑን ከእውነተኛው ዓመት አሳንሶ ወይም አስበልጦ መናገር፤
• የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደኋላ መመለስ፤
• በግጭት ተጎድቶ የተጠገነን አካል ሸፍኖ «ንክኪ የለውም» ብሎ መሸጥ፤
• ሞተሩ የተቀየረ መሆኑን አለመናገር። የተቀየረው ሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ስም በሚዛወርበት ጊዜ እክል ይፈጥራል።

3. ጉድለት እና የአገልግሎት ብዛት ያመጣው እርጅና

ያገለገለ መኪና እንደ አዲስ እንዲሆን መጠበቅ አይቻልም። የጎማ መሳሳት፣ የፍሬን ሸራ ማለቅ ወይም የወንበር ልብስ መቦጨቅ በዕድሜው ልክ የሚጠበቁ ሲሆኑ፣ በግዥው ጊዜ በግልጽ የሚታዩ ስለሆኑም ገዥው ተቀብሏቸው እንደገዛ ይቆጠራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ በተዘረዘሩት ድንጋጌዎች መሠረት ሻጩ ኃላፊ የሚሆነው ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገውን፣ ወይም በውሉ የተገለጸውን ጠባይ ሳይዝ ሲቀር ነው። የተሰነጠቀ የሞተር ብሎክ፣ ሲሞቅ ማርሽ የማይቀበል ካምቢዮ፣ በግጭት የተጣመመና በቀለም የተሸፈነ ሻንሲ በዚህ ረገድ የሚጠቀሱ ምሳሌዎች ናቸው።

በአንዳንድ ውሎች ላይ «ገዥ መኪናውን አይቶና ፈትሾ እንዳለ ተረክቧል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይሰፍራል። ተዋዋዮች የሻጩን ዋስትና በስምምነት ማጥበብ የሚችሉ ቢሆንም፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀው ይህ ዐረፍተ ነገር አያድነውም። ቢሆንም የደበቀ መሆኑን ማስረዳት በገዥው ላይ ስለሚወድቅ፣ እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር ከመፈረም በፊት ማስወጣት ወይም ከጎኑ «ሞተሩና ካምቢዮው ጉድለት የሌለባቸው ስለመሆናቸው ሻጭ አረጋግጧል» የሚል ማስጻፍ ይመረጣል።

ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፉ መኪናው በመንገድ ላይ ለመንቀሳቀስ ብቁ መሆኑን የሚያመለክት እንጂ ስለ ሞተሩ ዕድሜና ስለ ውስጥ ክፍሎቹ ዋስትና የሚሰጥ አይደለም። ገዥው ራሱ በመረጠው መካኒክ ማስመርመር ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

4. የጊዜ ገደቦች

ብዙ ቅሬታዎች የሚወድቁት መብት ባለመኖሩ ሳይሆን ጊዜው በማለፉ ነው። የሚከተሉትን ገደቦች ማስታወስ ያስፈልጋል፦

• 15 ቀናት፦ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ጉድለት ያለበት ዕቃ ከተሸጠለት፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል።
• ሳይዘገዩ ማሳወቅ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዥው ዕቃውን በተቻለ ፍጥነት መመርመርና ጉድለቱን እንዳወቀ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ዝምታ ዋስትናውን ያሳጣል።
• አንድ ዓመት፦ በአንቀጽ 2298 መሠረት ጉድለቱን ያስታወቀ ገዥ ጥያቄውን ከማስታወቂያው ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል።
• ሁለት ዓመት፦ ውሉ በማታለል የተደረገ በመሆኑ ይፍረስልኝ የሚል ክስ፣ በአንቀጽ 1810 መሠረት ምክንያቱ ከተወገደበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ለአብነት አንድ ሸማች ጥቅምት 1 ቀን አውቶሞቢል ገዝቶ ጥቅምት 8 ቀን ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ቢያውቅ፣ በማግስቱ ለሻጩ በጽሑፍ ቢያሳውቅና ገንዘቡ እንዲመለስለት ቢጠይቅ በ15 ቀናቱ ውስጥ ነው። የአንድ ዓመቱ ጊዜም ከጥቅምት 9 መቁጠር ይጀምራል። ይኸው ሸማች በስልክ እየተነጋገረ «ነገ እናየዋለን» በሚል ተስፋ እስከ ኅዳር ቢቆይ ግን የ15 ቀናቱ መብት ያልፈዋል፤ በስልክ ያለውንም ለማስረዳት ይቸገራል። ንግግሩ በመልካም መንፈስ የሚካሄድ ቢሆን እንኳ የጽሑፍ ማስታወቂያው መዘግየት የለበትም።

5. በእጅ መያዝ ያለባቸው ማስረጃዎች

• የሽያጭ ውል፦ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ የምርት ዘመን፣ በርክክብ ዕለት የሚነበበው ኪሎ ሜትር እና ሻጩ ስለ መኪናው የተናገራቸው ዋና ዋና ነጥቦች የሰፈሩበት፤
• ደረሰኝ እና የባንክ ዝውውር ማስረጃ፤
• የሊብሬ ቅጂ፤
• ማስታወቂያው፦ መኪናው የተሸጠበት የማኅበራዊ ሚዲያ መልእክት፣ ፎቶግራፍ ወይም የጽሑፍ ልውውጥ፤
• ከግዥ በፊትና በኋላ የተደረገ የመካኒክ ምርመራ ውጤት፣ ቀንና ማኅተም ያለበት።

በውሉ ላይ የሚሰፍረው ዋጋ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ክፍያን ለመቀነስ ሲባል ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ይህ ከግብር ሕግ አንጻር ከሚያስከትለው ተጠያቂነት ሌላ፣ ገንዘብ ይመለስልኝ የሚለውን ሸማች ራሱን ይጎዳዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2005 መሠረት የጽሑፍ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ስለያዘው ስምምነት ሙሉ እምነት የሚጣልበት በመሆኑ፣ 1,500,000 ብር ከፍሎ 600,000 ብር ያስጻፈ ሰው ቀሪውን 900,000 ብር መክፈሉን ለማስረዳት እጅግ ይቸገራል።

6. ቅሬታ የሚቀርብበት ቅደም ተከተል

ሀ. መኪናውን ባለበት ማቆየት። ጉድለቱ እንደታወቀ መንዳት ማቆምና ሻጩ ሳያየው አለማስጠገን ይገባል። የተለወጠ ወይም የተፈታ ክፍል ጉድለቱ ቀድሞ የነበረ ነው ወይስ ከርክክብ በኋላ የመጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ ያሳጣል።

ለ. ለሻጩ በጽሑፍ ማስታወቅ። ደብዳቤው የግዥውን ቀን፣ የጉድለቱን ዓይነት፣ የሚፈለገውን መፍትሔ እና ሻጩ መኪናውን መጥቶ እንዲያይ የቀረበለትን ግብዣ ይይዛል። ቅጂው ላይ የተቀባይ ፊርማ ማግኘት፣ አልቀበልም ካለም በአደራ ደብዳቤ መላክ ያስፈልጋል።

ሐ. በስምምነት መጨረስ። ያገለገለ መኪና አቻው በቀላሉ የማይገኝ በመሆኑ መለወጥ ብዙ ጊዜ አይቻልም። በሻጩ ወጪ ማስጠገን፣ ከዋጋው የተወሰነውን መመለስ ወይም መኪናውን መልሶ ገንዘቡን መቀበል የሚታሰቡ አማራጮች ናቸው። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ የሚፈጸምበት ቀን ይወሰንለት።

መ. ለንግድ መሥሪያ ቤት ማመልከት። ሻጩ የንግድ ፈቃድ ያለው ከሆነ ፈቃዱን በሰጠው የክልል ወይም የከተማ አስተዳደር የንግድ ቢሮ፣ በክፍለ ከተማና በወረዳ ባሉ ጽሕፈት ቤቶቹም ጭምር ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። ከማመልከቻው ጋር የውሉ፣ የደረሰኙ፣ የማስታወቂያ ደብዳቤውና የምርመራ ውጤቱ ቅጂ ይያያዛል።

ሠ. ወደ ፍርድ ቤት መሄድ። የውል መፍረስ፣ የገንዘብ መመለስና የጉዳት ካሳ ጥያቄ ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ይታያል። ፍርድ ቤት ውልን የሚያፈርሰው ጉድለቱ መሠረታዊ ሲሆን ነው፤ አነስተኛ ጉድለት ካሳ ሊያስከፍል ቢችልም ውል ለማፍረስ ላይበቃ ይችላል። ሻጩ ግለሰብ ሲሆን ወይም ገዥው በሸማችነት ትርጉም ሳይሸፈን ሲቀር ዋናው መንገድ ይኸው ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ወይም የተፋቀ የሻንሲ ቁጥር ከተገኘ ጉዳዩ የወንጀል መልክ ስለሚኖረው ለፖሊስ ማመልከት ይገባል።

7. ከሰነድ ጋር የተያያዙ ጥንቃቄዎች

ስም ሳያዛውሩ በውክልና መያዝ፦ የስም ማዛወሪያ ወጪን ለማዳን ሲባል በውክልና ብቻ መኪና መረከብ ከፍተኛ አደጋ አለው። ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም ውክልናው በመርሕ ደረጃ ቀሪ ይሆናል። መኪናው በወካዩ ዕዳ ሊታገድ፣ ወራሾቹም የውርስ ንብረት ነው ሊሉ ይችላሉ። ሻጩም ቢሆን አይድንም፤ የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት በሕግ ኃላፊ በመሆኑ፣ ስሙ ሳይነሳ የቀረ ሰው ገዥው ላደረሰው አደጋ ሊጠየቅ ይችላል።

ዕዳና እገዳ፦ ተሽከርካሪው ለባንክ ብድር ዋስትና የተሰጠ፣ በፍርድ ቤት የታገደ ወይም ቀረጥ ሳይከፈልበት በልዩ መብት የገባ መሆን አለመሆኑን በተመዘገበበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና የሚመዘገብበት ሥርዓት ያለ በመሆኑ ይህንንም ማጣራት ይገባል።

ቀብድ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን አልፈጽምም ካለ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን እምቢ ካለ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠት በፊት «ክፍያው የሚጸናው መኪናው በገዥው መካኒክ ተመርምሮ፣ ሰነዱም ከእገዳ ነጻ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው» የሚል ቃል በጽሑፍ ማስፈር ገዥውን ከኪሳራ ይጠብቀዋል።

ማሳሰቢያ

ይህ መረጃ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ሲሆን የሕግ ምክርን አይተካም። የክርክሩ ገንዘብ ከፍተኛ በሆነ ጊዜ፣ በተለይም የጊዜ ገደቡ ሊያበቃ በተቃረበ ጊዜ፣ የሕግ ባለሙያ ማማከር ይመከራል። ቅሬታ የቀረበለት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተገቢውን ምላሽ ሳይሰጥ ከቀረ ተገልጋዩ በየደረጃው ላለው የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። አቤቱታ በአንድ መሥሪያ ቤት በመታየት ላይ መሆኑ በሕግ የተወሰነውን የክስ ጊዜ ያቆማል ብሎ መተማመን ግን አይገባም።