«ያምራል» ሒስ አይደለም፤ የቤት እንስሳትን በተሻለ ሁኔታ ፎቶግራፍ ስለማንሳት

ቡቺ የምንላት ጥቁር ውሻችን አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ ሞባይሌ ውስጥ የእሷ ብቻ ከአራት መቶ በላይ ፎቶግራፎች ተጠራቅመው ነበር፡፡ ያየ ሁሉ «ያምራል» ይለኛል፡፡ ባለቤቴም፣ ልጆቼም፣ የሥራ ባልደረቦቼም እንደዚያው፡፡ አንድ ቀን ግን ዕድሜያቸውን በፎቶግራፍ ቤት ላሳለፉና አሁን በጡረታ ላይ ላሉ ጎረቤቴ ስልኬን አቀበልኳቸው፡፡ መነጽራቸውን አድርገው ሃያ ያህሉን ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ይህች ውሻ ምን ዓይነት ናት?» ሲሉ ጠየቁኝ፡፡

የመኪናዬን ድምፅ ከሠፈሩ መግቢያ ጀምራ እንደምትለይ፣ የግቢው በር ሲከፈት ግራ ጆሮዋን ብቻ ቀጥ አድርጋ እንደምትጠብቀኝ፣ አገጯ ከሸበተ ወዲህ ደግሞ ከልጆቹ ይልቅ ከእኔ ጋር መዋል እንደምትወድ አወራሁላቸው፡፡ እሳቸውም ስልኩን እየመለሱልኝ፣ «ታዲያ የምትላት ውሻ የታለች? እዚህ ውስጥ ያለው ከላይ የታየ ጥቁር ነገር ነው» አሉኝ፡፡

ቅር አልተሰኘሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል፡፡ ነገር ግን በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ስለፎቶግራፎቼ የተነገረኝ የመጀመሪያው ጠቃሚ ቃል ያ ነበር፡፡ ውሻም ሆነ ድመት ከእኛ ጋር የሚኖሩበት ዘመን አጭር ነው፡፡ እንስሳው ሲሄድ የሚቀረው ፎቶው ነው፤ ፎቶው ካልተሳካም ዳግመኛ ማንሳት አይቻልም፡፡ ስለዚህ ሐቀኛ ሒስ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ሐቀኛ ዓይን በአብዛኛው ምን እንደሚያገኝና ስህተቱ እንዴት እንደሚታረም ከዚህ በታች ለማቅረብ እንሞክራለን፡፡

ለመሆኑ ሒስ ምንድን ነው?

በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ሒስ የሚለው ቃል ጥሩ ትዝታ የለውም፡፡ በደርግ ዘመን በየስብሰባው የነበረውን «ሒስና ግለ ሒስ»፣ ከዚያም በኋላ የመጣውን «ግምገማ» ያስታውሰዋል፡፡ በእነዚያ መድረኮች የሚመረመረው ሥራው ሳይሆን ሰውየው ነበር፡፡ ከዚህም የተነሳ ይመስለኛል፣ ብዙዎቻችን ሒስን ከጠብ ለይተን የማናየው፡፡ ወዳጅን ላለማስቀየም «ያምራል» ብለን እናልፋለን፡፡ ይሉኝታችን ለጉርብትና ይጠቅም ይሆናል፤ ለፎቶግራፍ ግን አይጠቅምም፡፡

እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ባህላችን ሥራን ከሠሪው ለይቶ ማረምን አያውቅም ማለት አይቻልም፡፡ በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ይሰማውና ያርመዋል፡፡ የታረመበት ተማሪ ተዋረድኩ ብሎ አይቀርም፤ በማግስቱ ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል፡፡

በሥነ ጥበብ ትምህርት ውስጥ በስፋት ከሚታወቁት የሒስ አካሄዶች አንዱ የአሜሪካዊው መምህር የኤድመንድ ፌልድማን ነው፡፡ እሱም አራት ደረጃዎች አሉት፤ የሚታየውን መግለጽ፣ ክፍሎቹ እንዴት እንደተያያዙ መተንተን፣ ምን ትርጉም እንደሚሰጡ መናገር፣ በመጨረሻም መፍረድ፡፡ ልብ ይበሉ፣ ፍርዱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፡፡ «ያምራል» የሚለው ሰው ሦስቱን ደረጃዎች ዘሎ ፍርድ የሰጠ ሰው ነው፡፡ «አያምርም» የሚለውም ቢሆን ከእሱ አይሻልም፡፡

የባለቤት ዓይን ለምን አያይም?

ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይችልም የሚለው መርህ በሕግ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው፡፡ በፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው፡፡ የውሻው ባለቤት ፎቶውን ሲያይ የሚያየው ወረቀቱን ወይም ስክሪኑን ብቻ አይደለም፡፡ የጎደለውን ከትዝታው ይሞላዋል፡፡ ዓይኗ ሳይታይ ዓይኗን ያያል፤ ጆሮዋ ተቆርጦ ጆሮዋን ያያል፡፡ ባዕድ ሰው ግን ይህ ትዝታ ስለሌለው የሚያየው ፎቶው ላይ ያለውን ብቻ ነው፡፡

ዓይናችን በእንስሳት ጉዳይ ሊታመን እንደማይችል ከተረጋገጠም ቆይቷል፡፡ ፈረስ ሲጋልብ አራቱም ኮቴዎቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት ይነሳሉ ወይስ አይነሱም የሚለው ክርክር መልስ ያገኘው በ1878 (እ.ኤ.አ.) ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ 12 ካሜራዎችን ደርድሮ የሚሮጥ ፈረስ ባነሳ ጊዜ ነው፡፡ ኮቴዎቹ በርግጥም ይነሳሉ፤ የሚነሱት ግን ሠዓሊዎች ሲስሉት እንደኖሩት እግሮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተዘርግተው ሳይሆን ከሆዱ ሥር ተሰብስበው ነው፡፡ ሰው ከፈረስ ጋር ስንት ሺሕ ዓመት ኖሮ ይህን አላየም ነበር፡፡

ሒስ እንዴት ይጠየቃል?

በፍርድ ቤት ምስክርን ያቀረበው ወገን በዋና ጥያቄ ላይ መሪ ጥያቄ እንዲጠይቅ አይፈቀድለትም፡፡ መሪ ጥያቄ ማለት መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ ነው፡፡ «አያምርም?» ብሎ ስልክ መዘርጋት መሪ ጥያቄ ነው፡፡ «ይህቺን እኮ በስንት መከራ ነው ያነሳኋት» ማለት ደግሞ ምስክርን ከማባበል አይተናነስም፡፡ ጠቃሚ መልስ ለማግኘት የሚከተለውን መሞከር ይቻላል፡፡

በመጀመሪያ፣ እንስሳውን የማያውቅ ወይም ብዙ የማይወድ ሰው ይምረጡ፡፡ ሁለተኛ፣ አርባ ፎቶ አያሳዩ፤ ከሦስት እስከ አምስት ይበቃል፡፡ መምረጡ ራሱ የሒስ መጀመሪያ ነው፡፡ ሦስተኛ፣ ምንም ሳያብራሩ ይስጡና ዝም ይበሉ፡፡ አራተኛ፣ ፍርድ ሳይሆን ምስክርነት ይጠይቁ፡፡ «ዓይንህ መጀመሪያ የት አረፈ?»፣ «ከዚህ ፎቶ ብቻ ስለዚህ እንስሳ ምን ታውቃለህ?»፣ «አንድ ነገር ብቻ መቀየር ብችል ምን ልቀይር?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ያስገኛሉ፡፡ አምስተኛ፣ ያንኑ ለሌላ ሰው ይጠይቁ፡፡ ሳይመካከሩ ሁለት ሰዎች «ዓይኔ ከኋላ ያለው ባልዲ ላይ አረፈ» ካሉ፣ ጉዳዩ ተረጋግጧል፤ ባልዲው ይነሳ፡፡

በሀገራችን በሙያ ደረጃ ይህ ዓይነቱ ልምድ እንግዳ አይደለም፡፡ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በፎቶግራፍ ባለሙያዋ አይዳ ሙሉነህ የተመሠረተው አዲስ ፎቶ ፌስት ከዐውደ ርዕዮቹ ጎን ለጎን ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራቸውን ለባለሙያዎች አቅርበው አስተያየት የሚቀበሉበትን ዝግጅት ሲያካትት ቆይቷል፡፡ የቤት ውሻውን የሚያነሳ ሰው ከዚህ ልምድ የማይማርበት ምክንያት የለም፡፡

ሐቀኛ ዓይን በአብዛኛው የሚያገኛቸው ስህተቶች

ከፍታ፡- ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይህ ነው፡፡ ቆመን፣ ስልኩን ወደ ታች አዘንብለን እናነሳለን፡፡ ውጤቱም ትልቅ ጭንቅላት፣ አጭር እግርና ብዙ ሲሚንቶ ነው፡፡ መድኃኒቱ መንበርከክ፣ ሲያስፈልግም መተኛት ነው፡፡ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ያረፈው ኤሊየት ኧርዊት በውሾች ፎቶግራፎቹ ዓለም ያወቀው ሰው ነው፡፡ በ1974 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ ያነሳው ዝነኛ ፎቶ የአንዲት ሴት ቦት ጫማዎች፣ የአንድ ግዙፍ ውሻ የፊት እግሮችና ኮፍያ ያጠለቀች ሚጢጢ ውሻ የሚታዩበት ነው፡፡ ካሜራው ወደ መሬት ወርዶ ትንሿ ውሻ ካለችበት ባይደርስ ኖሮ ያ ፎቶ አይኖርም ነበር፡፡

የፀጉር ቀለም፡- ካሜራ የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፡፡ በመሆኑም ነጭ ድመት ፍሬሙን ስትሞላው ግራጫ አድርጎ ያጠቁራታል፤ ጥቁር ውሻ ሲሞላው ደግሞ አመድማ እስኪመስል ያነጣዋል፡፡ ጥቁር ውሻ በደማቅ ፀሐይ፣ በነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም ግን ካሜራው ለግድግዳው ይሠራና ውሻው ቅርፅ የሌለው ጥላ ይሆናል፡፡ የእኔ ስህተት ይሄኛው ነበር፡፡ መፍትሔው እንስሳውን ጥላ ወዳለበት ቦታ መውሰድ፣ ከኋላው ከእሱ የበለጠ የሚያበራ ነገር አለመኖሩን ማየት፣ ከዚያም ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክቶ ብርሃኑን መጨመር ወይም መቀነስ ነው፡፡ ለነጭ እንስሳ መጨመር፣ ፍሬሙን ለሞላ ጥቁር እንስሳ መቀነስ እንደ መነሻ ይያዝ፡፡

ሰዓት፡- አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙ አትርቅም፡፡ በዚህ ሰዓት ጀርባው ያበራል፣ ዓይኑ ይጨልማል፡፡ ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአሥር ሰዓት ወዲህ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ፀጉሩም ዓይኑም ይታያል፡፡ ለድመት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፡፡ በደማቅ ብርሃን የዓይኗ ብሌን እንደ ክር ይቀጥናል፤ በጥላ ወይም በመስኮት አጠገብ ግን ይሰፋል፣ ፊቷም ይለሰልሳል፡፡

ፍላሽ፡- ውሾችና ድመቶች ከዓይናቸው ጀርባ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አላቸው፡፡ በጨለማ የሚያዩት በእሱ እርዳታ ነው፡፡ ፍላሽ ፊት ለፊት ሲመታቸው ዓይናቸው አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው፡፡ ፍላሹን አጥፍቶ ወደ መስኮት መጠጋት ይሻላል፡፡

ፍጥነትና ትኩረት፡- ለተቀመጠ እንስሳ 1/125 ወይም 1/250 ሰከንድ ሊበቃ ይችላል፤ ለሚሮጥ ውሻ ግን 1/1000 ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል፡፡ በስልክ ሲሆን በተከታታይ የሚያነሳውን መንገድ ተጠቅሞ ከብዙው አንዱን መምረጥ ነው፡፡ ጥራቱ ማረፍ ያለበት አፍንጫው ላይ ሳይሆን ዓይኑ ላይ ነው፡፡ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የእንስሳትን ዓይን ለይተው የሚከተሉ ካሜራዎች ገበያ ላይ አሉ፤ የትኛው ቅጽበት እንደሚጠቅም ግን አይነግሩም፡፡

ርቀት፡- ስልክን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ማንሳት አፍንጫውን ያገዝፋል፣ ጆሮውን ያሳንሳል፡፡ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለትና ስልኩ ሁለተኛ ሌንስ ካለው በእሱ መጠቀም ይመረጣል፡፡

የእንስሳው ምቾት፡- ይህን ብዙ ሐያሲ ይዘነጋዋል፡፡ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጠፈ፣ ምግብ ሳያይ ከንፈሩን ደጋግሞ የሚልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣው የሚያዛጋ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ያስገባ ውሻ ተጨንቋል ማለት ነው፡፡ ልብስ አልብሰንና ይዘን ያነሳነው ፎቶ ለእኛ የሚያስቅ ቢሆንም፣ ውሻን የሚያውቅ ሰው ፍርሃቱን ያነበዋል፡፡ እንዲህ ያለው ፎቶ በብርሃን አይስተካከልም፤ መተው ነው፡፡

ሒስ ለሚሰጡና ለሚቀበሉ

ሒስ የሚሰጥ ሰው እንደ ጥሩ የዓይን ምስክር ያየውን ይናገር፤ የመሰለውን ለመጨረሻ ያቆየው፡፡ «ደስ አይልም» ከማለት ይልቅ «ዓይኑ አይታየኝም፤ ከጆሮው በላይ ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ ጭንቅላቱን ይቆርጠዋል» ማለት ይጠቅማል፡፡ እንስሳው መሞቱን ወይም መታመሙን የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ባለፎቶው ሊታረም ነው የመጣው ወይስ ሊጽናና? የሙያ ሒስ ለቅሶ ቤት ይዘውት የሚሄዱት ነገር አይደለም፡፡

የሚቀበለው ሰው በበኩሉ ወዲያውኑ መልስ ባይሰጥ መልካም ነው፡፡ ፍርድ ያልተስማማው ወገን ይግባኝ የሚጠይቅበት ጊዜ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ እኔም ለእነዚያ ጎረቤቴ «ውሻዋ አስቸጋሪ ናት» ብዬ ልከራከር ነበር፡፡ በማግስቱ ፎቶዎቹን ሳያቸው ግን ችግሩ የውሻዋ አልነበረም፤ አራት መቶውንም ጊዜ ቆሜ ነበር ያነሳሁት፡፡ ሒሱን ሁሉ በአንድ ቀን ለመፈጸም መሞከርም አያዋጣም፡፡ አንድ ሳምንት ከፍታን፣ ሌላውን ሳምንት ብርሃንን ብቻ መለማመድና ፊተኛውን ከኋለኛው ጋር አጎራብቶ ማየት ይበጃል፡፡ ሁሉም ሒስ ትክክል ነው ማለትም አይደለም፡፡ «ጆሮዋ ተጣሟል፣ አስተካክለው» ያለኝ ሰው ነበር፡፡ የተጣመመው ጆሮ ግን ቡቺ ራሷ ናት፡፡

ቡቺ ባለፈው ክረምት ሞተች፡፡ ከአራት መቶዎቹ ፎቶግራፎች ያስቀረሁት አሥራ አንድ ብቻ ነው፡፡ አንዱ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሩ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ በሆዴ ተኝቼ ያነሳሁት ነው፡፡ የሸበተው አገጯ ይታያል፤ ግራ ጆሮዋ ቆሟል፡፡ ጎረቤቴ ለቡና መጥተው ፊቱ ላይ ቆሙና፣ «አሁን ገና መጣች» አሉ፡፡ ቀጥለውም ጠጋ ብለው አዩት፡፡ «የኋላ እግሯን ግን ቆርጠኸዋል» አሉኝ፡፡

ልክ ናቸው፤ ቆርጬዋለሁ፡፡