«ሚና ተጫወተ» እና የአራዳ ታሪክ አጻጻፍ

የተማሪዎቻችንን ታሪክ ነክ ጽሑፎች ሳነብ ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ሐረግ አለ፤ «ከፍተኛ ሚና ተጫውቷል» የሚለው ነው። ሐረጉ የእንግሊዝኛው ቃል በቃል ትርጉም ነው። እንግሊዝኛውም በበኩሉ «ሮል» የሚለውን ቃል የወሰደው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ቃሉ ተዋናዩ የሚያጠናው ቃለ ተውኔት የተጻፈበትን ጥቅል ወረቀት ያመለክት ነበር። ስለዚህ ሐረጉ በትውልዱ የመድረክ ነው።

በመድረክ ላይ እስካለ ድረስ በአማርኛም አይጎረብጥም። በ1927 ዓ.ም. በማኅበርነት የተቋቋመው የአራዳው ሀገር ፍቅር ተዋናዮች ሚናቸውን ተጫወቱ ቢባል፣ ሚናውን የሰጠ አዘጋጅ፣ የተቀበለም ተዋናይ አለ። ችግሩ የሚነሣው ሐረጉ ከመድረክ ወርዶ ታሪክ ውስጥ ሲገባ ነው።

ለምሳሌ ከወረራው በፊት የከተማይቱ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይውል ነበር። ፋሺስቶች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን፣ ነጭና ጥቁርን ለመለየት ባወጡት ዕቅድ መሠረት፣ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወሩት። የቀድሞው ስፍራም «አደባባይ» በሚለው የጣልያንኛ ቃል ፒያሳ ተባለ። በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትም ነቀሉ። ይህን ሁሉ «ጣልያን ለገበያው መዛወርና ለሐውልቱ መነሣት ሚና ተጫውቷል» ብለን ብንጽፍ፣ አድራጊው ከተባባሪዎች እንደ አንዱ ይቆጠራል፤ ድርጊቱም ወደ ጨዋታ ይጠጋል። «አዛወረ»፣ «ነቀለ» የሚሉት ግሦች ግን አድራጊውን በስሙ ይጠሩታል።

እርግጥ አንድ ክሥተት ብዙ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። ይሁን እንጂ አማርኛ ለዚህም አያንስም፤ «ድርሻ ነበረው»፣ «አገዘ»፣ «አባባሰ»፣ «ሰበብ ሆነ» የሚሉ አገላለጾች አሉት። እያንዳንዳቸው የተለየ ፍርድ ስለሚሰጡ ጸሐፊው አስቦ እንዲመርጥ ያስገድዱታል። «ሚና ተጫወተ» ግን ከዚህ ምርጫ ያሳርፈዋል።

ጉዳዩ ያለፈ ዘመን ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል። ይህን ታሪክ የሚጽፉት የዛሬዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ማን ወሰነ፣ ማን አፈረሰ፣ ማን ተነሣ፣ ወዴት ሄደ የሚሉት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ግሥ ይገባቸዋል።