ቦርደርና ኦርደር

የመተማ ዮሐንስ ሰሊጥ ነጋዴ ስልክ ሲያነሳ ሁለት ቃላት ተከታትለው ይወጣሉ፦ «ቦርደር ክፍት ነው?» «ኦርደር መጣ?» ሁለቱ አሳምረው ቤት ይመታሉ። ትርጉማቸው ነው እየተዝረከረከ ያስቸገረኝ።

«ቦርደር» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ ጫፍ፣ ጠርዝ ማለት ነበር። እንግሊዞች ዛሬም የጨርቅን ጠርዝ፣ የእኛን የነጠላ ጥለት ሳይቀር፣ በዚሁ ስም ይጠሩታል። «ኦርደር» ደግሞ የላቲኑ «ኦርዶ» ልጅ ነው፤ ረድፍ ማለት ነው። ሥሩን ከሸማኔ ድር ጋር የሚያያይዙ የቋንቋ አጥኚዎችም አሉ። ከረድፍ ወደ ሥርዓት፣ ከሥርዓት ወደ ትእዛዝ፣ ከትእዛዝ ወደ ምግብ ቤት ዘለቀና ዛሬ ክትፎም «ኦርደር ይደረጋል»። ማዘዝ የሚባለው ግሳችን ምን በደለን?

በ«ቦርደር» ይበልጥ አዝናለሁ፤ አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነውና። ድንበር መስመሩ ነው፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች በአዲስ አበባ የተዋዋሉበት። ጠረፍ አገሩ ነው፤ ሰሊጡ፣ ጥጡ፣ ሐሩሩ ያለበት ቆላ። ኬላ ሰውና ጭነት የሚፈተሽበት በር ነው። ስለዚህ «ቦርደር ተዘጋ» ሲባል የተዘጋው ኬላው ነው፤ ጠረፍማ እንዴት ተደርጎ ይዘጋል? ማዶ ጋላባት ያሉት ሱዳኖች እንኳ «ሑዱድ» ብለው በራሳቸው ቃል ይግባባሉ። ቤት መምታቱ ይቀርብኛል የሚል ካለ፣ «ድንበር» ከ«ወንበር» ጋር ይመታለታል።