የይፋት ንዳድ፣ የበርተን ትንኝና የታዳጊዎቻችን ስልክ



ከማነባቸው የመመረቂያ ጥናቶች ብዙዎቹ ማኅበራዊ ሚዲያ ታዳጊዎችን እንደሚያበላሽ አስቀድመው ፈርደው መጠይቁን ከፍርዱ በኋላ ይበትናሉ። ስልክ የሚያበዛ ተማሪ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ተዛምዶው በመደምደሚያው ላይ መንስኤ ሆኖ ይጻፋል። ይህ ስሕተት የሚያስከፍለውን ዋጋ በወባ ታሪክ ላሳያችሁ እወዳለሁ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

የሸዋ ደገኛ ዛሬ ሸዋ ሮቢት ወዳለችበት የይፋት ቆላ ሲወርድ ንዳድን ይፈራ ነበር። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ ቆላ ያደረ ይታመም ነበርና። ነገር ግን በሽታው ከቦታው ጋር ስለታየ የቦታው ጠባይ ተደርጎ ተወሰደ። አውሮፓውያንም አልተሻሉም፤ «ማላሪያ» የሚለው የጣልያንኛ ስም ራሱ መጥፎ አየር ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ተቃራኒው ስሕተት ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የጥንቱ የይፋት ሱልጣኔት የባሕር በር በነበረችው በዘይላ አልፎ በ1855 ሐረር ገባ። በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ የትንኝ ንክሻ ገዳይ ትኩሳት ያመጣል የሚለውን የአካባቢውን ወሬ ጠቅሶ አጉል እምነት ነው አለው፤ እምነቱም የመነጨው ትንኝና ትኩሳት በአንድ ወቅት ስለሚበረቱ ሳይሆን አይቀርም ሲል ገመተ። ለተማሪዎቻችን የምንሰጠው ማስጠንቀቂያ እኮ ይኸው ነው! በርተን ደንቡን ያውቅ ነበር፤ የጎደለው ምርመራው ነው። ሮናልድ ሮስ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 ነው።

ቦታን እንደ መንስኤ መቁጠርም አላዛለቀም። በ1958 ሙቀትና ዝናብ ከወትሮው ሲያይሉ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያን እንደታመሙ፣ 150,000 ያህሉም እንደሞቱ ተገምቷል። ሰውን ሲጠብቀው የኖረው የትንኟንና የተውሳኩን እድገት የሚገታው ቅዝቃዜ እንጂ ከፍታው በራሱ አልነበረም።

ወደ ታዳጊዎቹ ልመለስ። ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ በ2019 ከ355,000 በላይ ታዳጊዎችን መረጃ መርምረው፣ በደኅንነታቸው ላይ ከሚታየው ልዩነት የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም የሚያብራራው ቢበዛ 0.4 በመቶ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚህ ተነሥቶ ስልክ ማንንም አይጎዳም የሚል ሰው ግን በርተንን መድገሙ ነው።

የሸዋ ሮቢት ተማሪ ስልኩን ይዞ የሚያመሸው ትምህርት ሰልችቶት ይሁን፣ የሰለቸው ስለሚያመሽ ይሁን፣ በአንድ ቀን መጠይቅ አይለይም። በ2021 ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገብቶ ነበር። ስለ ስልክ ብዙ ጠይቆ ስለዚያ ወራት አንድም ጥያቄ ያልያዘ ጥናት ነገ ቢቀርብልኝ፣ እንዲታረም እመልሰዋለሁ።