የክረምት ብርሃን፦ የቡሄ ችቦ
ጭራሮ፣ ልጥ። ምዕራብ ጎጃም።

ቡሄ ወይም የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ያኔ ዝናቡ ገና ስላላባራ፣ የችቦው ጭራሮ ቀደም ብሎ ተለቅሞ ዝናብ በማያገኘው ቦታ መድረቅ አለበት። የችቦውን አስተሳሰር ልብ ይበሉ፤ ድንቅ የእጅ ሥራ ነው። ጫፉ የላላው አየር አግኝቶ ቶሎ እንዲያያዝ፣ ወገቡ በልጥ የጠበቀው ደግሞ ይዘውት ሲሄዱ እንዳይበተን ነው።

በአበው ትውፊት ችቦው በታቦር ተራራ የታየው ብርሃን፣ የእረኞቹ ጅራፍ ደግሞ ከደመናው የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው። ወላጆች ችቦ አብርተው፣ ሙልሙል ይዘው በመስክ የቀሩ ልጆቻቸውን እንደፈለጉም ይተረካል።

በሰሜኑ ዓለም የበረዶውን ክረምት በኤሌክትሪክ በሚበራ የዋልታ ድብ ቅርጽ የሚያደምቁ ከተሞች አሉ። የጎጃሙ ችቦ ግን በአንድ ምሽት ነድዶ ስለሚያልቅ፣ እዚህ የሚታየው ያልተለኮሰ ነው።